ከመቶኛው ጎን የተፈታኙ ብዛት ይጻፍልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የፈተና ውጤት በተገለጸ ቁጥር የምታወጡት የትምህርት ቤቶች ሰንጠረዥ ሦስት ዓምድ አለው፦ የትምህርት ቤቱ ስም፣ ያለፉት ተማሪዎች በመቶኛ፣ ከአምናው ጋር ያለው ልዩነት። ስንት ልጅ እንደተፈተነ የሚናገር ዓምድ ግን የለውም። ብዙ መቶ ተፈታኝ ባላቸው ትምህርት ቤቶች ላይ ይህ ጉድለት ያን ያህል አያሳስትም። በአንድ የክፍል ደረጃ 20 ወይም 30 ልጅ ብቻ የሚያስፈትን ትንሽ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲሆን ግን መቶኛው ብቻውን ቆሞ ስለ መምህራኑም ሆነ ስለ ልጆቹ የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው። «አሽቆለቆለ»፣ «ተመነጠቀ» የሚሉት ርዕሶች ደግሞ ዘወትር የሚያርፉት በእነዚሁ ትናንሾች ላይ ነው። ምክንያቱም ከማስተማሩ ይልቅ ከሒሳቡ የሚመጣ ነው።

25 ልጅ በተፈተነበት ክፍል እያንዳንዱ ልጅ 4 ነጥብ ይመዝናል። ሊያልፉ የሚችሉ ሁለት ልጆች በፈተናው ሳምንት ታመው ቢወድቁ፣ አንዱ ደግሞ አንድ ጥያቄ ዘልሎ የመልስ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አንድ መስመር አዛንፎ ቢያጠቁር፣ ትምህርቱ ሳይጓደል መቶኛው 12 ነጥብ ወርዶ ያድራል። 400 በተፈተነበት ቦታ እነዚሁ ሦስት ልጆች 1 ነጥብ እንኳ አይሞሉም።

መወዛወዙን ለመገመት የሚያስፈልገው ስሌት በስልክ ካልኩሌተር የሚያልቅ ነው። ያለፉትን መቶኛ በወደቁት መቶኛ ማባዛት፣ በተፈታኙ ብዛት ማካፈል፣ ከዚያ ስኩዌር ሩቱን ማውጣት። ግማሹ ባለፈበት ትምህርት ቤት 50 በ50 ሲባዛ 2,500 ነው፤ ለ25 ሲካፈል 100፣ ስኩዌር ሩቱ 10። ይህን እጥፍ አድርገን ግራና ቀኝ ስንዘረጋው 50 በመቶ ተብሎ የታተመው ቁጥር ከ30 እስከ 70 ያለውን ሁሉ ያቅፋል ማለት ነው። ለ400 ተፈታኝ ተመሳሳዩ ስሌት 2.5 ይሰጣል፤ እጥፉ 5 ብቻ። የሁለት ዓመት ውጤት ሲነጻጸር ደግሞ የሁለቱም መወዛወዝ ስኩዌር ሩቱ ከመውጣቱ በፊት ስለሚደመር (100 ሲደመር 100) 10 የነበረው ወደ 14 ይጠጋል፣ እጥፉ 28 ይደርሳል። እንግዲህ 25 ተፈታኝ ያለው ትምህርት ቤት ከአምናው 20 ነጥብ ወረደ ቢባል፣ ያ ብቻውን ለውጥ መኖሩን አያረጋግጥም። ይህም ቢሆን ልጆቹ እርስ በርስ ሳይነካኩ ለየብቻ እንደሚያልፉና እንደሚወድቁ በመገመት የተሠላ ነው። አንድ ክፍል ብቻ ባለበት ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህሩ ሁለት ወር ቢቀር ጉዳቱ የሚደርሰው በሃያ አምስቱም ላይ በአንድ ጊዜ ስለሆነ፣ እውነተኛው መወዛወዝ ከዚህም ይሰፋል።

ተፈታኙ ሲያንስ መወዛወዙ ይሰፋል የሚለው ሕግ አዲስ አይደለም። የሒሳብ ሊቁ አብርሃም ደ ሟቭር ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1730 ነው። ሃዋርድ ዌይነር የተባለ የስታቲስቲክስ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጽሑፍ በአሜሪካ ፔንስልቬንያ የ1,662 ትምህርት ቤቶችን የ5ኛ ክፍል ሒሳብ ውጤት በደረጃ ደርድሮ አሳይቷል። ከላይ ካሉት 50 ትምህርት ቤቶች ውስጥ 6ቱ በተማሪ ብዛት ከመጨረሻዎቹ 50 ትናንሾች የተገኙ ነበሩ፤ በዕጣ ቢሆን ኖሮ የሚጠበቀው አንድ ወይም ሁለት ነው። ይህን ብቻ ያየ ሰው «ትንሽ ትምህርት ቤት ይሻላል» ብሎ ይደመድማል። ከታች ካሉት 50 ውስጥ ግን 9ኙ እነዚያው ትናንሾች ነበሩ። ከላይም ከታችም የሚበዙት አንድ ልጅ ብዙ ስለሚመዝንባቸው ነው።

የላይኛውን ጫፍ ብቻ አይቶ መወሰን ውድ ዋጋ አስከፍሏል። የቢልና ሜሊንዳ ጌትስ ፋውንዴሽን ትላልቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ወደ ትናንሽ ለመከፋፈል እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቶ፣ ቢል ጌትስ እ.ኤ.አ. በ2009 ዓመታዊ ደብዳቤው ብዙዎቹ የሚታይ የውጤት መሻሻል እንዳላመጡ ጽፏል። ለፍትሕ ሲባል ሌላውንም መጥቀስ ይገባል። በኒው ዮርክ ከተማ ቦታው በዕጣ የተደለደለባቸው ትናንሽ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲጠኑ የምረቃ ምጣኔያቸው ከፍ ማለቱ ታይቷል። ልዩነቱ የጥናቱ አሠራር ላይ ነው፤ እዚያ ዕጣ የወጣላቸው ልጆች ካልወጣላቸው ጋር ተነጻጸሩ እንጂ የደረጃ ሰንጠረዥ አናት አልታየም።

እዚህ ላይ ዘወትር የሚነሳ ክርክር አለ፦ «ሁሉም ተፈትነዋል፤ ናሙና አይደለም፤ ታዲያ ምን ግምት ያስፈልጋል?» ጥያቄው «እነዚህ 25 ልጆች ስንት አገኙ?» ከሆነ ክርክሩ ትክክል ነው፤ መልሱ አንድ ቁጥር ነው። አንባቢ ሰንጠረዡን የሚያየው ግን ልጁን የት እንደሚያስመዘግብ ለመወሰን ነው። የሚቀጥለው ዓመት ልጆች ሌሎች ናቸው። ስለ ትምህርት ቤቱ ሲጠየቅ የዘንድሮዎቹ ልጆች ራሳቸው በአንድ ዓመት የተሰባሰቡ ናሙና ይሆናሉ።

አሁን ወደ ተማሪዎቹ ስብጥር ልምጣ፤ ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። የማስተማሪያ ቋንቋው አፍ መፍቻቸው የሆኑና ያልሆኑ ልጆች አብረው የሚማሩበት 25 ተፈታኝ ያለው ትምህርት ቤት እንውሰድ። አምና አፍ መፍቻቸው ከሆኑት 20 ልጆች 16ቱ አለፉ፣ ካልሆኑት 5 ልጆች 2ቱ አለፉ እንበል፤ በጠቅላላ 18፣ ማለትም 72 በመቶ። ዘንድሮ በአካባቢው አዲስ ሰፋሪ መጥቶ ስብጥሩ ተለወጠ። አፍ መፍቻቸው ከሆኑት 10 ልጆች 9ኙ፣ ካልሆኑት 15 ልጆች 7ቱ አለፉ። በጠቅላላ 16፣ ማለትም 64 በመቶ። በናንተ ሰንጠረዥ ይህ ትምህርት ቤት በ8 ነጥብ ወደቀ። ከውስጥ ሲታይ ግን የመጀመሪያው ቡድን ከ80 ወደ 90፣ ሁለተኛው ከ40 ወደ 47 ገደማ ከፍ ብሏል። ሁለቱም ቡድኖች ተሻሽለው ድምሩ ወረደ። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ኤድዋርድ ሲምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1951 የጻፈበት ይኸው ግጭት በስሙ ይጠራል። በእርግጥ ከላይ እንዳልነው 15 እና 10 ልጅ ሲሆኑ የቡድኖቹ መቶኛም ይወዛወዛል፤ «ተሻሻሉ» ለማለትም እንደዚያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ስብጥር ውጤትን መንካቱ የሚያከራክር አይደለም። የሶሺዮሎጂ ባለሙያው ጄምስ ኮልማን እ.ኤ.አ. በ1966 ካወጣው፣ 600 ሺህ ገደማ የአሜሪካ ተማሪዎችን ከሸፈነው ጥናት ወዲህ የቤተሰብ ሁኔታ ከውጤት ጋር ያለው ቁርኝት ደጋግሞ ተለክቷል። ፒሳ በሚባለው የ15 ዓመት ታዳጊዎች ዓለም አቀፍ ምዘና፣ እ.ኤ.አ. በ2022ቱ ዙር፣ በኦኢሲዲ (በአብዛኛው የበለጸጉ አገሮች የሚገኙበት የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት) አባል አገሮች አማካይ በኑሮ ደረጃ ከላይኛው ሩብ ያሉ ልጆች ከታችኛው ሩብ ልጆች በሒሳብ 93 ነጥብ በልጠዋል። በዚያው ዙር ከጠቅላላው የውጤት ልዩነት የኑሮ ደረጃ ያብራራው ድርሻ 15 በመቶ ያህል ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች አይጣሉም። የመጀመሪያው በቡድን አማካዮች መካከል ያለውን ርቀት ይለካል፤ ሁለተኛው ደግሞ የአንድን ልጅ የኑሮ ደረጃ ማወቅ ውጤቱን ለመተንበይ ብዙም እንደማይበቃ ይናገራል። ለ25 ልጆች ክፍል የሚጠቅመው ይህ ሁለተኛው ነው። «የድሃ ልጆች ስለሆኑ ነው» የሚለው ማብራሪያ በብዙ ሺህ ተማሪ አማካይ ላይ ሊያስኬድ ይችላል፤ በአንድ ትንሽ ክፍል ላይ ሲለጠፍ ግን ወይ ለትምህርት ቤቱ ማምለጫ ይሆናል ወይ ለልጆቹ ስድብ።

የስብጥር መረጃው ራሱም የሚሞላበት መንገድ መታየት አለበት። በብዙ ቦታ ቅጹን የሚሞላው ስም ጠሪው መምህር ነው፤ ጊዜ ሲያጥረው በግምት ይሞላል። የአፍ መፍቻ ቋንቋን ከልጁ ስም መገመት የተለመደ ስህተት ነው፤ መጠየቅ ያለበት «ቤት ውስጥ ከታናናሾችህ ጋር በምን ቋንቋ ታወራለህ?» ተብሎ ነው። የኑሮ ደረጃን በነጻ ምግብ ተጠቃሚነት የሚለኩ አገሮች ሌላ ችግር ይገጥማቸዋል፦ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ነጻ ምግብ ማቅረብ ሲጀምር በወረቀት ላይ ሁሉም ልጅ በአንድ ሌሊት «ድሃ» ይሆናል። ዕድሜ፣ ክፍል መድገም፣ ከዓመቱ አጋማሽ በኋላ ተዛውሮ መምጣት፣ የማየት ወይም የመስማት ችግር፣ እነዚህ ሁሉ ውጤትን ስለሚነኩ መመዝገብ አለባቸው፤ የሚመዘገቡበት ቀንም በየዓመቱ አንድ መሆን አለበት። ኤክሴል ላይ ሲሆን ደግሞ ባዶ የተተወ ሳጥን «የለም» ተብሎ ይቆጠራል። አምና ሦስት የልዩ ፍላጎት ተማሪ የነበረው ትምህርት ቤት ዘንድሮ ምንም እንደሌለው የሚታየው፣ ልጆቹ ሄደው ሳይሆን ያንን ዓምድ የሞላ ሰው ባለመኖሩ ሊሆን ይችላል። «አይደለም» እና «አልተጠየቀም» ሁለት የተለያዩ መልሶች ሆነው ይጻፉ።

ተካፋዩን እንጂ አካፋዩን የሚያይ ጥቂት ነው። 30 ልጅ በዓመቱ መጀመሪያ ተመዝግቦ 25ቱ ቢፈተኑና 18ቱ ቢያልፉ፣ ከተፈተኑት 72 በመቶ አለፉ ይባላል፤ ከተመዘገቡት ከታየ ግን 60 በመቶ ነው። የቀሩት አምስት እነማን ናቸው? ያቋረጡ፣ የተዛወሩ፣ ወይስ ዘንድሮ እንዳይፈተኑ «የተመከሩ»? በአሜሪካ ሕግ ቢያንስ 95 በመቶው ተማሪ እንዲፈተን የሚጠየቀው ለዚህ ነው፤ ደካማ ልጆችን ከፈተና ማስቀረት መቶኛን ለማሳመር ከሁሉ የቀለለው ዘዴ ነው። በአማካይ ውጤት ላይ ደግሞ ተቃራኒው ስህተት አለ። ሮስተር ላይ ቀሪ የሆነ ልጅ 0 ተብሎ ይገባል። 23 ልጆች በአማካይ 56 አምጥተው ሁለት ቀሪዎች በ0 ሲገቡ አማካዩ 51.5 ይሆናል፤ 4.5 ነጥብ የጠፋው ከዕውቀት ሳይሆን ከአመዘጋገብ ነው።

ማለፊያ ነጥቡ ራሱም ያደናግራል። ማለፊያው 50 ከሆነ ከ49 ወደ 50 የወጣ ልጅ ሰንጠረዡን ይለውጣል፤ ከ15 ወደ 45 የወጣው አይታይም። ውጤቱ በ15 ነጥብ መደበኛ ልይይት (ውጤቶች ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቁበት መጠን) የሚሰራጭና አስተማማኝነቱ (ፈተናው ቢደገም ውጤቱ ምን ያህል ተመሳሳይ እንደሚሆን፤ 1 ከሆነ ፍጹም ነው) 0.84 የሆነ ፈተና በአንድ ልጅ ውጤት ላይ 6 ነጥብ የመለኪያ ስህተት ይኖረዋል፤ 48 ያመጣውንና 52 ያመጣውን በዕውቀት መለየት አይቻልም ማለት ነው። ትምህርት ቤቶችም ይህን ያውቃሉ። በመቶኛ ብቻ ሲመዘኑ ማጠናከሪያ ትምህርቱን ማለፊያው አፋፍ ላይ ላሉ አምስት ስድስት ልጆች ያደርጉና ከታች ያሉትን ይተዋሉ። ስለዚህ ከመቶኛው ጋር ልጆቹ በቅደም ተከተል ሲሰለፉ መሐል ላይ የቆመው ልጅ ውጤትና የታችኛውን ሩብ ከቀሪው የሚለየው ነጥብ ቢታተም ሥዕሉ ይስተካከላል።

ምን ይደረግ? ከሁሉ የሚቀለው የሦስት ዓመት ውጤትን አንድ ላይ ማየት ነው፤ አደማመሩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንድ ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ዓመት ከ15 ልጅ 12፣ በሁለተኛው ከ30 ልጅ 9፣ በሦስተኛው ከ20 ልጅ 15 ቢያሳልፍ መቶኛዎቹ 80፣ 30 እና 75 ናቸው። እነዚህን ደምሮ ለ3 ማካፈል 61.7 ይሰጣል፤ ስህተት ነው፣ 15 ልጅና 30 ልጅ እኩል ተመዝነዋልና። ትክክለኛው 36 ለ65 ነው፣ 55.4 በመቶ። እጥፍ ተደርጎ የሚዘረጋው መወዛወዝም ወደ 12 ነጥብ ይጠባል። ጉዳት የለውም አልልም። ባለፈው ዓመት የተሾመ ርዕሰ መምህር ባልነበረበት ዘመን ውጤት ይወቀሳል፤ እውነተኛ መሻሻልም ዘግይቶ ይታያል። ያም ሆኖ በየዓመቱ ከሚደረገው ሹም ሽር ይሻላል። በነገራችን ላይ፣ «በጣም የተሻሻሉ አሥር ትምህርት ቤቶች» የሚለው ዝርዝር በቀጣዩ ዓመት ወደ መሐል መመለሱ አይቀሬ ነው፤ አምና በዕድል የተጎዳ ዘንድሮ ያለ ምንም ሥራ ይነሳልና።

ሁለተኛው መንገድ ልጁን ከራሱ መነሻ ጋር ማነጻጸር ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ፕሮግረስ 8 በሚባለው ስሌት እያንዳንዱን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አንደኛ ደረጃን ሲጨርስ ተመሳሳይ ውጤት ከነበራቸው ልጆች ጋር ስታነጻጽር፣ ከትምህርት ቤቱ ነጥብ ጎን የግምቱን ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን አብራ አትማለች። ለትናንሾቹ ወሰኑ ሰፊ ሆኖ ስለሚወጣ አንባቢው መጠንቀቅ እንዳለበት ራሱ ያያል። መነሻ ውጤት ያለው ሁሉ ይህን ማድረግ ይችላል፤ የሚያስፈልገው አንድ ልጅ ከክፍል ክፍል ሲያልፍ የማይለወጥ መለያ ቁጥር ነው።

ስብጥርን በቡድን ከፋፍሎ ማተም ግን ገደብ አለው። ከ10 በታች ልጆች ያሉበት ቡድን ውጤት ጋዜጣ ላይ መውጣት የለበትም፤ ሦስት ማየት የተሳናቸው ልጆች ባሉበት ትምህርት ቤት «33 በመቶ አለፉ» ሲባል ጎረቤት ሁሉ እነማን እንደወደቁ ያውቃል። መደበቁም ብልሃት ይጠይቃል። ጠቅላላው 25፣ ሴቶቹ 18 ተብሎ የወንዶቹ ቢደበቅ ማንም ቀንሶ ያገኘዋል፤ አንዱ ሲደበቅ ሌላውም አብሮ መደበቅ አለበት። 0 በመቶና 100 በመቶም ቡድኑ ትልቅ ቢሆን እንኳ የእያንዳንዱን ልጅ ውጤት ያጋልጣሉ።

ለትምህርት ቤቱ ለራሱ ደግሞ መቶኛ ጨርሶ የማይነግረው ነገር በጥያቄ ደረጃ አለ። 25 ልጅ 40 ጥያቄ ሲመልስ 1,000 መልስ ይገኛል። ½ ሲደመር ⅓ ስንት ነው በሚለው ጥያቄ ላይ 19 ልጆች ⅖ የሚለውን ምርጫ ካጠቆሩ፣ ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምረዋል ማለት ነው። ይህ ዕድል አይደለም፤ የኑሮ ደረጃም አይደለም። ክፍልፋይ ሲደመር የጋራ ታህት መፈለግን እንደገና ማስተማር ነው፣ አለቀ። የተሳሳቱት መልሶች አንድ ምርጫ ላይ ሳይከማቹ በየምርጫው ከተበተኑ ደግሞ ልጆቹ ገምተዋል፤ ምናልባት ትምህርቱ አልተሰጠም ወይም የጥያቄው ቋንቋ ከብዷቸዋል። ይህን በሁለቱ የቋንቋ ቡድኖች ለይቶ ማየት አንድ ከሰዓት አይፈጅም፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሌላ የሆኑት በቃላት ጥያቄ ብቻ ወድቀው በባዶ ስሌት እኩል ከሆኑ፣ ችግሩ ሒሳብ አይደለም።

ከጋዜጣው የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። «ያለፉት በመቶኛ» ከሚለው በፊት «የተመዘገበ»፣ «የተፈተነ»፣ «ያለፈ» የሚሉ ሦስት ጠባብ ዓምዶች በቁጥር ይግቡ። ከ30 በታች ያስፈተኑ ትምህርት ቤቶች በደረጃ አይሰለፉ፤ በሦስት ዓመት ድምራቸው፣ በፊደል ተራ፣ ለብቻቸው ይውጡ። «አሽቆለቆለ» ከማለታችሁ በፊት ርዕሰ መምህሩን ስንት ልጅ እንደገባና እንደወጣ፣ ዓመቱን ሙሉ ያልተማረ የትምህርት ዓይነት እንዳለ ጠይቁት። ጥሬ ቁጥሩን የሚልክላችሁ ጽሕፈት ቤት መቶኛውን ብቻ ከላከ መልሳችሁ ጠይቁ፤ መቶኛውን ያወጣው ከዚያው ቁጥር ስለሆነ የለኝም ማለት አይችልም።

ከአክብሮት ጋር፣
በትምህርት ምዘና ሥራ ላይ ያለ አንባቢያችሁ